አያ ጅቦ ጾሙን የፈታ ዕለት

አንድ ጊዜ ከመንደር ማዶ ባለ ዋሻ ውስጥ ጅብና ቀበሮ አብረው ይኖሩ ነበር። ዋሻው ውስጡ ሰፊ ነው፤ አፉ ግን ጠባብ። ሌላ መውጫ የለውም። አያ ጅቦ ግልገል ሳለ ክፉ የድርቅ ዘመን አሳልፏል። ያኔ ምን በልቶ እንዳደረ ለማንም አይናገርም። ብቻ ካደገም በኋላ የሚበላ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም።

ያን ዓመት መኸሩ ሰመረ። ጠላ ጠማቂዋ እትዬ ሙሽሪት ለበሬዎቿ አተላውን በገንዳ ትደፋላቸው ጀመር። አያ ጅቦ በየንጋቱ በሬዎቹን ቀድሞ ይገኛል። አተላውን ይጠጣል፤ ከአጥሩ ሥር የተጣለ ቂጣና ንፍሮ ያግበሰብሳል፤ እየተንገዳገደ ይመለሳል። በሁለት ወር ውስጥ አንገቱ ከትከሻው ጋር አንድ ሆነ።

አንድ ማለዳ የመንደሩ ውሾች አባረሩት። ዋሻው ጋ ሲደርስ ጭንቅላቱ ገባ፤ ሆዱ እምቢ አለ። ተፍጨርጭሮ እስኪገባ ውሾቹ ከታፋው ሁለት ጉርሻ ወሰዱ።

«ዛሬ ሁለት ጉርሻ ነው፤ ነገ ማዕዱን ያነሡታል» አለችው ቀበሮ።

«ምን ላድርግ እመት ቀበሮ? ዋሻው ጠበበ።»

«ድንጋይ አይጠብም አያ ጅቦ። የወፈርከው አንተ ነህ።»

«ምን በልቼ? የጠጣሁት እኮ ነው!»

«አተላም እህል ነው። ያንተ ሆድ የተሠራው ለሥጋና ለአጥንት ነው። እህል የሚባል ነገር ተው።»

«ያስቀመጥኩት ቂጣስ?»

«እሱን ለኔ ተወው። ለጓደኛ ሲባል የማይቻል የለም» አለች፣ ቂጣውን ወደ ራሷ እየሳበች።

የመጀመሪያው ሳምንት ከበደው። የአተላው ሽታ በነፋስ በመጣ ቁጥር ፊቱን አዙሮ ይተኛል። ከዚያ ለመደው። አጥንት እየቆረጠመ፣ ሥጋ ሲያገኝ እየበላ ሦስት ወር ቆየ። ሆዱ ገባ፤ ወገቡ ወጣ። ውሾች ሲያባርሩት እንደ ቀስት ተወርውሮ ዋሻው ውስጥ ይገባ ጀመር። አንዳንዴ ሳያባርሩትም እየሮጠ ይገባል፤ ደስ ስለሚለው ነው።

ፋሲካ ደረሰ። አያ ጅቦ ከጉብታ ላይ ሆኖ መንደሩን ሲያይ ዋለ።

«እመት ቀበሮ፣ እኔስ የምፈታው መቼ ነው?»

«ምኑን?»

«ጾሜን ነዋ! ሰዎቹ ሃምሳ አምስት ቀን ጾመው ዶሮ በሉ። እኔ ዘጠና ቀን አለፈኝ።»

«ያንተ ጾም አይደለም፤ ኑሮ ነው።»

«ፋሲካ የለውም?»

«የለውም።»

«እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም!» ብሎ ተነሣና ወደ ገንዳው ወረደ።

«ለዛሬ ብቻ» ነበር ያለው። በማግስቱ ግን ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን እንደማይጾም ትዝ አለው። ሃምሳውንም ቀን አንድ ሳያጓድል በላ።

በሃምሳ አንደኛው ቀን ውሾቹ መጡ። አያ ጅቦ እያለከለከ ደረሰና ራሱን ወደ ቀዳዳው ወረወረ። እስከ እንብርቱ ገባ፤ እዚያው ቀረ።

«እንኳን አደረሰህ አያ ጅቦ!» አለ የውሾቹ መሪ፣ ጅራቱን ነክሶ እየጎተተ።

ቀበሮ ውስጥ ነበረች። መውጫዋን የሞላው የጅቡ ገላ ነው።

«እመት ቀበሮ፣ ሳቢኝ!»

«ብስብህ ሆድህ ይቀንሳል? ዝም በል!» አለችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጮኸች፤ «ጌታዬ አያ አንበሶ፣ ይነሡ! ቁርስዎ በእግሩ መጥቷል፤ ውሾችም አሉበት!»

ውሾቹ ተያዩ። መሪያቸው የጅቡን ጅራት ጫፍ ቆርጦ በአፉ እንደያዘ ቁልቁል ፈረጠጠ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

አያ ጅቦ ወደ ኋላ ተንፏቆ ወጣ። ቀበሮም ወጣችና መንገድ ጀመረች።

«ወዴት ነው?»

«ሌላ ዋሻ ፍለጋ። መውጫዬን የሚዘጋብኝ ጓደኛ አልፈልግም።»

አያ ጅቦ መሬት መሬት አየ። ከሷ ሌላ የሚያናግረው አልነበረውም።

«ቆይ» አለ። «እህሉን እተዋለሁ። እስከ መቼ ብዬም አልጠይቅሽም።»

ቀበሮ አየችው። ከዚያም ተመልሳ ገባች።

ክረምቱ ሲወጣ አያ ጅቦ ዳግመኛ ሸንቅጦ ነበር። አንድ ማለዳ ከቀበሮ ጋር በእትዬ ሙሽሪት አጥር ሥር አለፉ። ገንዳው ሞልቷል። አፍንጫው ተንቀጠቀጠ፤ እግሩ ግን አልቆመም።

«ዛሬን አለፍኩ» አለ።

«ነገስ?»

«ነገን ነገ አልፈዋለሁ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሆድን ማጉደል የጥቂት ወራት ሥራ ሲሆን፣ እንደጎደለ ማቆየት ግን የየዕለት ሥራ መሆኑን ነው።