በመቀነት የታሰረ እጅ

በጣና ሐይቅ ላይ ባለችው ደቅ ደሴት ትልቅ ትንሹ የሚለው አንድ አባባል አለ። ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ነገሩ የተጀመረው ባሕር ዳር፣ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ፣ አንድ ሰው የተጠየቀውን ጥያቄ እንደ እርግማን በመስማቱ ነው።

ሰውየው አንለይ ይባላል፤ ቀድሞ የደንገል ታንኳ ይሠራ ነበር። በሬዎቹንና ላሞቹን ሸጦ ባለሞተር ጀልባ ገዛ፤ የቤቱ ሰው የሚበላው ጀልባው ከደሴቱ ባሕር ዳር ሲመላለስ በሚያመጣው ነበር። ኢንሹራንስ የሌለው ጀልባ ሰው መጫን አይችልም ስለተባለ ከእህቱ ልጅ ከደሳለው ጋር ወደ ቢሮው ሄደ። ደሳለው ባለትዳር ነው። የሞተር አነዳድ ያስተማረው አንለይ ራሱ ነበር።

ናትናኤል የሚባል ወጣት ሠራተኛ በትሕትና ተቀበላቸው።

«ጋሼ፣ ጀልባውን የሚነዳው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«እርስዎ ሲታመሙስ?»

አንለይ ወጣቱን ትክ ብሎ አየው። «አንተ፣ ማን ልኮህ ነው?»

«ማንም አልላከኝም ጋሼ፤ ሥራዬ ነው።»

«ሥራህ ሰው ላይ ማሟረት ነው?»

ናትናኤል ደነገጠ። በደቅ ጤነኛ ሰው «እኔ ብታመም እገሌ ይተካኝ» ብሎ ስም እንደማይጠራ አያውቅም ነበር። ስም ከተጠራ ሕመም ሰምቶ ይመጣል ይባላል። ወጣቱ ግን ሰውየው ያልገባው ነገር ያለ መስሎት ቀስ አድርጎ አስረዳ።

«ኢንሹራንሱ የሚያየው ጀልባውን ብቻ አይደለም፤ መሪውን የያዘውንም ሰው ነው። እርስዎ ሲነዱ አደጋ ቢደርስ እንክሳለን። ስሙን ያስመዘገቡት ሰው ሲነዳም እንክሳለን። ስሙ እኛ ዘንድ የሌለ ሰው ይዞት ጀልባው ቢሰበር ግን ምንም ማድረግ አንችልም። ለዚህ ነው የጠየቅኩዎ። ይኸው ወንድማችን አብሮዎት ነው፤ የእሱን ስም ላስገባ?»

«እኔም ጤነኛ ነኝ፣ እሱም ጤነኛ ነው። ተወን።»

አንለይ በራሱ ስም ብቻ ፈርሞ ሲመለሱ፣ ደሳለው ጀልባው ላይ ሆኖ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ «አጎቴ፣ ስሜ ቢገባ ምን ነበረበት?» አለ።

«ቦታዬን ቸኮልክበት?»

ደሳለው ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩን አላነሳም። ደግሞ ቢጠይቅ የአጎቱን ጀልባ የተመኘ ይመስልበታል።

ክረምቱ ሲወጣ ወባ ደሴቱ ገባች። አንለይ መጀመሪያ ብርድ ነው አለ፤ ቀጥሎ ድካም ነው አለ። ሚስቱ ስመኝ ጋቢ ደርባ ብትሸፍነው አልጋው ሳይቀር ይንቀጠቀጥ ጀመር። የጤና ኬላው ነርስ አይቶት፣ «ዛሬውኑ ባሕር ዳር ካልደረሰ ራሱን ይስታል። ከሳተ ደግሞ እኔ አልመልሰውም» አለ። ሌሎቹ ጀልባዎች በጠዋት ለገበያ ወጥተው ነበር። የቀረው የአንለይ ጀልባ ብቻ ነው።

በቃሬዛ አውርደው አስተኙት። ስመኝ ራስጌው ተቀመጠች። ዓይናቸውን ለመታከም ጀልባ ይጠብቁ የነበሩት እማሆይ ወለተ ሰንበትም ተሳፈሩ። ደሳለው ሞተሩን አስነስቶ ከዳር ሲርቅ ከወደ ምዕራብ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር።

ውኃው መሃል ሲደርሱ ነፋሱ ተነሣ። ጣና ከሰዓት በኋላ ሲቆጣ ለሚያውቀው ሰው እንኳ ያስፈራል። መጀመሪያ የውኃው መልክ ይለወጣል፤ ከዚያ ማዕበሉ እርስ በርሱ እየተላተመ ከየት እንደሚመጣ ይጠፋል። ጀልባው ወጣ፣ ወረደ። ውኃ ስመኝ ጭን ላይ ፈሰሰ። አንለይ ዓይኑን ገለጠ። ያየው ማዕበሉን አልነበረም፤ መሪውን የያዘውን እጅ ነው።

«ተነሥ ከዚያ» አለ።

«አጎቴ፣ ተኛ።»

«ተነሥ ብያለሁ። አንተ ይዘኸው ቢሰበር አንድ ነገር አይሰጡንም። እነሱ የሚያውቁት የእኔን እጅ ነው።»

«አንተ ሰው፣ እጅህ እኮ ማንኪያ አልያዘም ዛሬ» አለች ስመኝ።

«ማንኪያው ኢንሹራንስ የለውማ።»

እማሆይ በጭንቀታቸው መካከል ፈገግ አሉና መልሰው መቁጠሪያቸውን ያዙ። አንለይ በደረቱ እየተሳበ ወደ ኋላ ሄደ። ደሳለው ሊከለክለው ይችል ነበር፤ በዚያ ትኩሳት ላይ ያለ ሰው ጉልበት የለውም። ነገር ግን አጎቱ ነው፣ አሳዳጊው ነው፣ ጀልባውም የእሱ ነው። «ቦታዬን ቸኮልክበት?» ያለው ቃል ደግሞ ከውስጡ አልወጣም። እጁን ከመሪው አነሣ።

አንለይ መሪውን ጨበጠ፤ እጁ ግን አልጸና አለው። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ መሪው ያመልጠዋል። ጀልባው ሁለት ጊዜ በጎኑ ሊተኛ ሲል ስመኝ ዓይኗን ጨፈነች።

«መቀነትሽን ስጪኝ» አላት።

«ምን ልታደርገው?»

«ስጪኝ አልኩሽ።»

ፈትታ ሰጠችው። የእጁን አንጓ ከመሪው ጋር አዙሮ አዙሮ አሰረ፤ ቋጠሮውን በጥርሱ ጎትቶ አጠበቀው። «አሁን ማንም አይነቀንቀኝም» አለና ሳቅ የሚመስል ድምፅ አወጣ። እማሆይ ጸሎታቸውን አቋርጠው እጁን አዩ።

«ልጄ፣ ጀልባውን ከአንተ ጋር አሰርከው ወይስ እኛን?»

አንለይ ፊቱን ወደ ማዕበሉ መለሰ። ለጥቂት ጊዜ በርግጥ ነዳ። ማዕበሉን ፊት ለፊት እየጠበቀ፣ ከባሕር ዳር ይልቅ ወደሚቀርበው የዘጌ ዳርቻ አቅጣጫ ያዘ። ዛፎቹ መታየት ሲጀምሩ ስመኝ «ተመስገን» አለች። ያን ጊዜ አንለይ አንገቱ ወደቀ፤ ቀጥሎ ትከሻው፣ ቀጥሎም መላ ሰውነቱ በጎኑ ተዘረረ። የታሰረው እጁ መሪውን ይዞ ወረደ። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው በአንድ ቦታ ዙሪያውን መሽከርከር ጀመረ። በእያንዳንዱ ዙር ማዕበሉ ጎኑን እያገኘ ውኃ ይሞላዋል።

ደሳለው ዘሎ ቋጠሮውን ያዘ። መቀነቱ ረጥቧል፤ በሳበው ቁጥር ይጠብቃል። «ቢላ!» አለ። ቢላ አልነበረም። ስመኝ ተንበርክካ በጥርሷ ያዘችው። ጨርቁን ነከሰችው፣ የባሏንም ቆዳ ነከሰችው፣ ደሙ አፏ ገባ። እማሆይ የአንለይን ራስ ከውኃው በላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ደገፉ። የሚሰማው ሞተሩና የስመኝ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ቋጠሮው ተፈታ። ደሳለው መሪውን ይዞ ጀልባውን አቀና፤ ግን ነፋሱ አስቀድሞ ወደ ዳርቻው ድንጋይ አስጠግቶት ነበር። ወደ ዳር ገፋው። የቀረው ጥቂት ነበር። ከሥር የሆነ ነገር ተንቋቋ፣ ጀልባው ለሁለት ተሰነጠቀ። ውኃው ደረታቸው ድረስ ነበር። የዘጌ ሰዎች ገብተው ጎትተው አወጧቸው፤ አንለይን በተገኘው መኪና ባሕር ዳር ሆስፒታል አደረሱት። ተረፈ።

አንለይ አገግሞ ሲወጣ፣ ናትናኤል የተሰበረውን ጀልባ ሊያይ ወደ ዘጌ መጣ። ሰው ከበበው። ስመኝ ደሳለውን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ፣ «መሪው ላይ ታስሮ የነበረው የእሱ እጅ ነው በል። ውሸት አይደለም እኮ፣ ታስሮ ነበር» አለችው። ደሳለው መሬት መሬት አየ።

«ጀልባው ድንጋዩን ሲመታ መሪውን የያዘው ማን ነበር?» ሲል ናትናኤል ጠየቀ።

ደሳለው ወደ አጎቱ ዞረ። አንለይ በከዘራ ተደግፎ ጀልባውን ያይ ነበር። አንዱ ጎን ውኃ ውስጥ ሰምጧል። ሰው ሁሉ እሱን እየጠበቀ መሆኑ ገባው። «እኔ ነበርኩ» ቢል የሚቃወመው አልነበረም።

«ደሳለው ነው» አለ። «የእህቴ ልጅ፣ ደሳለው። እሱ ባይዘው ኖሮ አሁን የምታናግረው ሰው አይኖርም ነበር።»

ስመኝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ናትናኤል መዝገቡን አጠፈ። «የዚያን ቀን ይህን ስም ቢሰጡኝ ኖሮ ጋሼ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

ካሳው አልተከፈለም፤ አንለይም ደንገል እያጨደ ታንኳ ወደ መሥራት ተመለሰ። የደቅ ሰዎች፣ ኢንሹራንስ ያለው ሰው እንዴት ባዶ እጁን እንደቀረ እማሆይ ወለተ ሰንበትን ሲጠይቋቸው፣ መቁጠሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ምትኩን መጥራት የፈራ፣ ጀልባው በነፋስ ተመራ።»