በሬ ገዢው የገዛ ጎኑን ሲዳብስ

አንድ የከብት ነጋዴ ነበረ። የወንድምሽ ትኩሳት ለምን አልለቅ እንዳለው ስለጠየቅሽኝ፣ እናኑ፣ የዚህን ነጋዴ ነገር ልንገርሽ።

ይህ ሰው በሬ ሲገዛ አይቸኩልም። ጥርሱን ያያል፤ ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጥጦ ይስባል፤ ከዚያ እጁን ከመጨረሻው ጎድን በታች ሰድዶ ይዳብሳል። በሠላሳ ዓመት የተሳሳተው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ዓመት በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከብት ሊገዛ ቆላ ወርዶ አርባ ቀን ግራር ሥር እየተኛ ከረመ። ከተመለሰ ከጥቂት ወራት በኋላ ትኩሳት ያዘው። «ወባ ናት» አለና ኪኒን ዋጠ። ተሻለኝ ሲል ተመለሰበት፤ ደግሞ ዋጠ። ክንዱና ጭኑ ሟሸሹ፤ ሆዱ ግን ተነፋ። ጎረቤቶቹ «ቆላ ተስማምቶህ ቦርጭ አወጣህ!» እያሉ ሲስቁበት እሱም አብሮ ሳቀ።

ትኩሳቱ አርባ አንድ ቀን ሲሞላው ጎኑን በጋለ ብረት የሚተኩስለት ሰው አስጠራ። ብረቱ እሳት ውስጥ ገባ።

ይኼኔ ሚስቱ መጣች። እጁን ይዛ በግራ በኩል ከገዛ ጎድኑ በታች አኖረችው።

«እስቲ ዳብስ። በሬ ቢሆን ትገዛው ነበር?»

ዳበሰ። የጠጠረ ነገር እስከ እምብርቱ ወርዶ አገኘ። ፊቱ ተለወጠ።

«በነፃ ቢሰጡኝም አልወስደውም።»

«እንግዲያው ሐኪም ቤት እንድንሄድ በቅሎዋን ልጫን።»

«ብረቱ ከጋለ በኋላ?» አለ ተኳሹ።

«አንተን የሚያምህ ቦታ ካለ ተተኮስበት» አለችው።

ሐኪሙ ጎኑን ዳብሶ ጣፊያው ማበጡን አወቀ፤ ደሙን መርምሮ ካላዛር የሚባለው፣ ቆላ ግራር ሥር የምትነድፍ ትንሽ ዝንብ የምታስተላልፈው በሽታ እንደሆነ ነገረው። ሰውዬው አሥራ ሰባት ቀን መርፌ ተወጋ። በሦስተኛው ወር ገበያ ወጥቶ በዋጋ ሲጨቃጨቅ እኔው አይቼዋለሁ።

እናኑ፣ ወንድምሽም እንደዚያ ነጋዴ ነው። ነጋዴው የሰው በሬ ላይ የማያልፈውን ምልክት የራሱ ገላ ላይ ሲያየው ሌላ ስም ሰጥቶ አለፈው። የወንድምሽ ትኩሳት ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። የወባ ኪኒን ሁለቴ ውጧል። ከስቷል፤ ሆዱ ግን ገፍቷል። ይህን ሁሉ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ፤ እኔ የቆጠርኩት ብቻ ነው። ካላዛር ይሁን ሌላ በሽታ፣ ሐኪም ይወስን፤ ካላዛር በጊዜ ከተደረሰበት ግን የሚድን በሽታ ነው። አሁን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ወደ ከተማ የሚሄደው መኪና ሰባት ሰዓት ላይ ይነሣል። ሂጂና ቀስቅሺው።