እመት ዘርትሁን እና የስንሻው ዳማ

መጨረሻ ላይ የምነግራችሁን የፈረስ አባባል ፈረሰኞች ጢማቸውን እያሻሹ ሲናገሩት የሰማ ሁሉ ከወንድ አፍ የወጣ ይመስለዋል። አይደለም! የተናገሩት ፊደል ያልቆጠሩ፣ ኮርቻ ላይ ወጥተው የማያውቁ እመት ዘርትሁን ናቸው። ስማቸውን ግን ማን ያነሣዋል?

ጎረቤታቸው ስንሻው በጉግስ ጨዋታ አገር ያወቀው ዳማ ፈረስ ነበረው። እመት ዘርትሁን የዚያ ፈረስ ውለታ አለባቸው፤ ልጃቸው የሻረግ ምጥ ጠንቶባት፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ ተሻግሮ ጤና ጣቢያ ያደረሳት እሱ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ዳማው ተበላሸ። ሲጋልቡት ይደናቀፋል፤ ሲያዞሩት ራሱን ይወረውራል። ስንሻው ልጓሙ ላልቶ ነው ብሎ የጠነከረ ልጓም አጎረሰው። አልሆነም። የፈረሰኞቹ አለቃ አያ ደምለው መጣና ከፊት ቆሞ ጥርሱን አየ፣ አንገቱን ዳሰሰ።

«ያመመው ወገቡን ነው፤ በብረት ይተኮስ። ካልዳነ ለጋሪ ሽጠው» ብሎ ፈረደ።

ብረቱ እሳት ውስጥ ሲግል እመት ዘርትሁን ደረሱ።

«አንተ ስንሻው! የኋላ እግሩን አይተኸዋል?»

«እማማ፣ ይኼ የፈረስ ጉዳይ ነው።»

«ታዲያ እኔ የድመት አወራሁህ? ባሌ በፈረስ እኔ በእግሬ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ አርባ ዓመት ገበያ ወርጃለሁ። እናንተ ስትጋልቡ የምታዩት ጆሮውን ነው፤ እኔ ኮቴውን። ና፣ ዱካውን እይ!»

ስንሻው ጎንበስ አለ። የፊቶቹ ዱካ ደኅና ነው። የኋላዎቹ ግን ጭቃውን እንደ ማረሻ ተልመውታል።

«ተረከዙ ሳያርፍ በጫፉ ነው የሚረግጠው። የፊቱን ኮቴ ለበዓል ታሳምሩታላችሁ፤ የኋላውን ርግጫ ፈርታችሁ ማን ነካው? ይኸው ረዘመ። እስቲ አንተ በእግርህ ልክ ባልሆነ ጫማ ዳገት ውጣ፤ ወገብህን ባያምህ!»

አያ ደምለው ሳቀ። «እሺ ሐኪሟ፣ ማን ይይዘዋል?»

«እኔዋ!» አሉና ጎኑን እያሻሹ፣ የየሻረግን ስም እያነሡ፣ «የኔ ባለውለታ» እያሉ የኋላ እግሩን አንሥተው ጭናቸው ላይ አሳረፉት። አልተራገጠም። ስንሻው ያን ጊዜ ብረቱን ከእሳት አውጥቶ ውኃ ውስጥ ነከረው፤ ቢላዋም አመጣ። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየቀረፉ ኮቴውን አስተካከሉት።

በጥር ጉግስ ዳማው እንደ ድሮው ታጥፎ ዞረ፤ የደረሰበት አልነበረም። ስንሻው ከተመልካቹ ሕዝብ መሃል ወደቆሙት እመት ዘርትሁን በቀጥታ መጥቶ ጉልበታቸውን ሳመ።

«እማማ፣ ፈረሴን አተረፉልኝ። ጋቢ ልግዛልዎ?»

«ጋቢ አለኝ» አሉ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ልጄን ያተረፈልኝን ፈረስ አምላክ በእጄ አተረፈልኝ፤ ተመስገን። አንተ ግን ያን አለቃህን ጥራልኝ! እዚህ ሕዝብ ፊት ይቁምና 'ዘርትሁን ያለችው ነው' ብሎ ይናገር፦ ፈረስ በጋማው ያምራል፣ በኋላ እግሩ ይናገራል!»