ጨዋዋ መኪና

ይህን ለብዙ ዓመታት ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ከማግባቴ በፊት፣ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ፣ ሴት ልጅ ወልጄ ነበር። ብዙም አልቆየችልኝ። ከአዋላጇ በቀር ያወቀ የለም፤ ለቅሶም አልተቀመጥኩላትም። ፈተናዬን ተፈተንኩ፣ ተመረቅኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ አንዱዓለምን አገባሁ።

ከዓመታት በኋላ ጉልበት ከዳኝ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ አንድ ክፍለ ጊዜ መጨረስ አቃተኝ። ሐኪሞች ደሜን መረመሩ፤ ምንም አላገኙም። ባሌ ጠበል ወሰደኝ፣ ወተቱንም ማሩንም አላጓደለብኝም። ሥራዬን ልለቅ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ የባሌ አጎት ጋሽ ደምሰው ሊጠይቁኝ መጡ። ዕድሜያቸውን በሾፌርነት የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። በረንዳው ላይ ብቻችንን ስንቀር፣ ቀና ብዬ ሳላያቸው ጠየቅኳቸው፦

«ጋሼ፣ በሽታ ሳይገኝብኝ አቅም ያጣሁት ለምን ይሆን?»

«ቲቸር፣ እኔ ከመኪና ሌላ ምን አውቅና!» ብለው ሳቁ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ።

አንድ ሰው ነበረ። ቤቱ መኪናው ነበር። አልጋውም ምድጃውም ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ነው። ከሚስቱ ጋር ከገበያ ገበያ እየዞረ ሰዓት ይጠግናል። መኪናዋ አሮጌ የቤንዚን መኪና ናት፤ ስትነሳ አገር ይሰማታል። ሰውየው ደግሞ ይሉኝታ የሚያጠቃው ሰው ነው። ከተማ በገባ ቁጥር ውሻ ይጮሃል፣ ሰው ይዞራል፣ እሱ ያፍራል። በመጨረሻ አንድ በያጅ ዘንድ ሄዶ «ዝም አሰኝልኝ» አለው። በያጁም የጭስ መውጫዋን፣ ማርሚታዋን፣ ከውስጥ በላሜራ ደፍኖ ጣት የማታሳልፍ ቀዳዳ ተወላት። መኪናዋ ዝም አለች። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ መኪና!» አለ። ሰውየው ደስ አለው፤ ሜዳ ለሜዳ ስትሄድ ምንም አልጎደለባትም።

ሚስቱ አረገዘች። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለድ፤ የእናቷ ቤት ደግሞ ከረጅም ዳገት በላይ ነው። ወሯ ሲቃረብ ተነሱ። መኪናዋ ዳገቱን ስትጀምር ደከመች። ሰውየው ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠ፤ አንደኛ ማርሽ አስገባ። አንዲት ኩርባ ላይ ስትደርስ ግላ ቆመች። ወደ ኋላ እያንሸራተተ ዳገቱ ግርጌ እስካለችው ከተማ ድረስ አወረዳት።

አንድ መካኒክ «ቤንዚኑ ቆሻሻ ነው» ብሎ ማጣሪያውን ቀየረ። ሌላው እሳት የሚሰጧትን ካንዴላዎች ለወጠ። ሦስተኛው ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ፈትቶ አጠበ። ሁሉም የሚገባላትን ነበር የሚያዩት። ሰውየውም ስለ ላሜራው አልነገራቸውም፤ አፈረ፣ ቆይቶም ረሳው። መኪናዋ ያቺው ኩርባ ላይ ትቆማለች። «አርጅታለች፤ ሞተሩ ይውረድ» አሉት።

«እዚሁ ከወለድኩ ስሙን ‹ዳገቱ› ነው የምለው» አለች ሚስቱ። ትቀልዳለች እንጂ ፈርታለች።

አንድ ቀን ጠዋት ብርዱ ጸናባቸው። ሰውየው ሞተሩን አስነስቶ ሲያዳምጥ፣ ሚስቱ በጭሱ እጇን ልታሞቅ ወደ ኋላ ዞረች።

«ኧረ አንተ ሰውዬ! ይቺ መኪናህ እኮ ትንፋሽ የላትም!»

«ሞተሩ እየሠራ?»

«ና፣ እጅህን አምጣ!»

እጁን ዘረጋ። የሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው የሚተነፍሰውን ያህል ነው የነካው። ያን ጊዜ ላሜራው ትዝ አለው። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቱቦው እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ ከሥሯ ገባና ማርሚታዋን በመጋዝ ቆርጦ ጣላት።

መኪናዋ ጮኸች። ሰፈርተኛው እየሮጠ ወጣ፤ «ጦርነት ነው ወይ?» ያለም ነበር። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ነዳ። እየጮኸች ኩርባዋን አለፈች፣ እየጮኸች ዳገቱን ጨረሰች። የሚስቱ እናት ጩኸቱን ከሩቅ ሰምተው ኖሮ መንገድ ላይ ወጥተው ቆመው ነበር፤ ልጃቸውን ደግፈው አወረዷት።

ጋሽ ደምሰው ይህን ብለው ወደ እኔ ዞሩ። መሳቃቸውን ትተው ነበር።

«ልጄ፣ ያቺ መኪና አንቺ ነሽ። ሐኪሙም ባልሽም የሚገባልሽን አዩ፤ ምግቡን፣ መድኃኒቱን። ስለማይወጣው የጠየቀሽ የለም። የዘጋሽው ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔም አትንገሪኝ። ግን የሳበውን ያላስወጣ ሞተር፣ ምንም ቢያበሉት ዳገት አይወጣም። ስትከፍችው ይጮሃል። ሰውም ይዞራል። ይዙር።»

መልስ ሳይጠብቁ ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት፣ አንዱዓለም ጫማውን ሲያስር፣ ልጅ እንደነበረችኝ፣ ለቅሶም እንዳልተቀመጥኩላት ነገርኩት። ክሩን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ትቶኝ የሄደ መሰለኝ። ሲመለስ ከዕድሩ አንድ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ነበር። ደጃፋችን ላይ አስቀምጦ ተቀመጠበት።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ አዩትና ደነገጡ። «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተባችሁ?»

እሱ በሩ ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ አየ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ፤ ከጎኑም ተቀመጥኩ።

«ልጄ» አልኩ፤ ጮኼም አለቀስኩ።