«እማዬ» ያላት ድምፅ

«እማዬ» ነበር ያላት። ይህን ልብ ያለችው ግን የቤቷ ካርታ ከእጇ ከወጣ በኋላ ነው።

አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አንድ ልጇ ምንተስኖት አዳማ ይሠራል። ታናናሽ እህቶቿ «እትዬ» ሲሏት እየሰማ ስላደገ፣ እሱም እስከ ዛሬ «እትዬ» ነው የሚላት። አንድም ቀን «እማዬ» ብሏት አያውቅም። ለሰው አልተናገረችም እንጂ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያቺን ቃል ስትናፍቅ ኖራለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለ። ድምፁ የምንተስኖት ነው። ሳሉ ሳይቀር የእሱ ነው።

«እማዬ፣ ስልኬ ተበላሽቶ በሰው ስልክ ነው። የቤቱ ካርታ ዛሬውኑ መታደስ አለበት። ጓደኛዬ ይመጣል፣ ስጪው።»

«ምን አግኝተህ ነው ዛሬ እንዲህ የምታቆላምጠኝ?» አለች እየሳቀች።

ስቃ አለፈችው! ሰውየው መጣ። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት። ውሃ አጠጣችው። ካርታውን ከሳጥን አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችው።

አመሻሹ ላይ ምንተስኖት በራሱ ስልክ ደወለ። «እትዬ፣ እንዴት ዋልሽ?»

«ካርታው… ደረሰህ?»

«የምን ካርታ?»

ወገኖቼ፣ ድምፁን ከየት አመጡት? ልጁ በስልኩ እየቀረጸ ለዓለም ከሚለቀው ወሬ ነዋ! ዛሬ የሰው ድምፅም ፊትም በኮምፒውተር ተመስሎ ይሠራል።

ግን ልጠይቃችሁ፤ ጆሮዋ አልነገራትም? ነግሯታል። ታዲያ ለምን አልሰማችውም? የናፈቃትን ስለሰጣት! ሐሰት የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ለታመመው በመድኃኒት፣ ሥራ ላጣው በቅጥር ደብዳቤ፣ ለጨነቀው በትንቢት። እናንተስ ምን ይናፍቃችኋል? ነገ የሚመጣባችሁ በእሱ ነው።

ስልኩን ዝጉት። በምታውቁት ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ። የቤት ሰው ብቻ የሚያውቀውን ጠይቁ። «ይቀየመኛል» አትበሉ፤ እውነተኛ ልጅ ቢጠየቅ አይጎዳም። በጣም ደስ ሲላችሁማ ደግማችሁ ጠይቁ።

ያቺ ሴት ልጇ ከአዳማ እስኪደርስ በሩን ከፍታ ጠበቀች። ፖሊስ ጣቢያ ሄደው «ነገ ኑ» ተብለው ተመለሱ።

«ግቢ እትዬ፣ ይበርድሻል» አላት።

ገባች። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረች፤ መቀርቀሪያውንም ጨመረች። ነገ የማን እንደሚሆን የማታውቀውን ቤት ቆለፈች።