የሚያጥርና የሚረዝም ገመድ

አንድ ጊዜ በአንድ በረሃማ አገር ውሃ ሁሉ ደርቆ፣ ከጥልቅ ገደል ሥር ካለችው ምንጭ በቀር የሚጠጣ ጠፋ። ገደሉ ጭው ያለ ነበር። ለመጠጣት ከወረዱት ብዙዎቹ ሲመለሱ ጉልበታቸው እየከዳቸው መንገድ ላይ ቀሩ። ስለዚህ ንጉሥ አንበሳ እንስሳቱን ሰብስቦ «እኛ ወደ ውሃው ከምንወርድ ውሃው ወደ እኛ የሚወጣበትን ዘዴ የሚያውቅ ማነው?» ሲል ጠየቀ።

ከዛፍ ላይ አንድ ቀጭን ድምፅ «እኔ ሳላውቅ አልቀርም» አለ።

ተናጋሪዋ ጉሬዛ ነበረች። ጉሬዛ በሰዎች ወፍጮ ቤት አጠገብ ባለ ዋርካ ላይ ያደገች፣ መንኮራኩር እንዴት እንደሚዞር፣ ገመድም እንዴት ሸክም እንደሚያነሣ እያየች የተማረች ናት። ነገር ግን ዓይናፋር ነበረች። ማንም ቀና ብሎ ካያት ፊቷን በነጭ ጅራቷ ትሸፍናለች።

«ከገደሉ አፋፍ መዘውር ይተከላል» አለች ከጅራቷ ኋላ። «ከቆዳ ጠፍር ገመድ ይገመዳል። የውሃ ስልቻ በገመዱ ታስሮ ይወርዳል፤ አያ አህያ ይጎትተዋል።»

እንደ ቃሏ ተሠራ። ቆዳውን እንዲለሰልስ ለመጠጥ በማይሆን ጭቃማ ኩሬ ውስጥ ዘፈዘፈችው፤ ተልትላ ገመደችው፤ ከመዘውሩ ላይ አሳልፋ ቁልቁል ለቀቀችው። ገመዱ ውሃው ጋ ደርሶ ክንድ ያህል ተረፈ።

«ልክ ነው?» አለ አንበሳ።

«ልክ ነው።»

የመጀመሪያው ስልቻ ሞልቶ ሲወጣ አገሩ በእልልታ ተናወጠ። «እጅሽ ይባረክ፣ እመት ጉሬዛ!» «ልክ አዋቂ እንዲህ ነው እንጂ!» አሏት። እሷም ፊቷን ሸፍና ፈገግ አለች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን፣ ንፋስና ፀሐይ ሲበረታ፣ ስልቻው ውሃው ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ገመዱ አጥሯል።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «የቆዳ ገመድ ሲያጥር አገር የሚያውቀው በላተኛ አለ» አለና ሌላ ቃል ሳይጨምር ወደ ጅብ ተመለከተ። ሁሉም ወደ ጅብ ተመለከቱ።

«ምነው? ፊቴ ላይ ምን አለ?» አለ ጅብ።

«ፊትህን ተወውና አፍህን ክፈት፣ አያ ጅቦ።» ቀበሮ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ። «ቆዳ ቆዳ ይላል!»

«የኔ አፍ ቆዳ ያልሸተተበት ቀን አለ እንዴ? ገመዱን አልበላሁም፤ በእናቴ አልበላሁም! ጫፉን ግን…» ጅብ አንገቱን ደፋ፤ «ትንሽ ልሼዋለሁ።»

«ላሰ!» ብለው ጮኹ። «የላሰ ሳይነክስ ይተዋል?»

በጎደለው ልክ ቁራጭ ጠፍር ቀጠሉበት፤ ጅብንም ከመዘውሩ አካባቢ አባረሩት። ብዙም ሳይቆይ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። በማግስቱ ገመዱ ረዝሞ፣ ስልቻው ከምንጩ ሥር ጭቃ ውስጥ ተጋድሞ ተገኘ።

«አያችሁ?» አለ ቀበሮ። «ፈርቶ የሰረቀውን መልሶ ቀጠለው!»

«በምን ይቀጥለዋል?» አለ አህያ። «የበላውን ከሆዱ አውጥቶ ነው?»

«የጅብ ሆድ ውስጥ ያለውን አንተ ታውቃለህ?»

ስለ ጅብ ሆድ መነጋገር ለአህያ ደስ አይልም።

የተረፈውን ቆረጡት፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ገመዱ ዳግመኛ አጠረ። አንበሳ ቀበሮንና አህያን ዘብ አቆመ። እነሱ ዓይናቸውን ተክለው ሲጠብቁት አሁንም አጠረ። ከዚያ ወዲያ መተማመን የሚባል ነገር ጠፋ። አህያ ቀበሮን «ከጅቡ ጋር ተካፍለህ ትበላለህ» አለው። ቀበሮ አህያን «መጎተት ሲሰለችህ ራስህ ቆርጠኸዋል» አለው። እናቶች ልጆቻቸውን ከጎረቤት ልጆች ለዩ። ሌላው ሳይቀምስ ቀድሞ ውሃ የሚጠጣ ጠፋ።

ምክንያቱን የምታውቀው ጉሬዛ ብቻ ነበረች። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ሌሎቹ የጅብን አፍ ሲያሸቱ፣ ገመዱን ዳብሳዋለች። በሁለቱም ጫፍ የቋጠረችው ቋጠሮ እንዳለ ነው። የጥርስ ምልክት የለበትም። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ገመዱን የለካችው ከኩሬው እንዳወጣችው፣ እርጥቡን ነበር። እርጥብ ቆዳ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ግን እጇን የመረቋትን ሁሉ አየችና ጅራቷን ፊቷ ላይ ጣለች። «ነገ እናገራለሁ» አለች። ነገ ሲመጣ እሱም የራሱ ነገ ነበረው። እንዲህ ሲባል በጋው ሊያልቅ ተቃረበ።

አንድ ቀን፣ የዚያ ደጋግሞ የተቀጠለ ገመድ አንዱ ቋጠሮ ተፈታ። ሙሉው ስልቻ ገደል ገባ፤ ሲጎትት የነበረው አህያም በአፍጢሙ ተደፋ። ጉልበቱ ደማ። ውሃ ሲጠብቁ የነበሩ ግልገሎች አለቀሱ። አንበሳ አገሳ፦ «ከእንግዲህ በቃ! ገመድ የሚበላው ጥርስ በድንጋይ ይርገፍ!»

ጅብን ይዘው ከድንጋይ ላይ አጋደሙት።

«ጃንሆይ፣ ጥርሴ ከረገፈ ምኔ ይቀራል?» እያለ አለቀሰ።

«ሆድህ ይቀርሃል» አለ ቀበሮ።

ድንጋዩ ከፍ ሲል፣ ጉሬዛ ከዛፍ ወርዳ መካከላቸው ቆማ ታየች። ጅራቷ ወደ ኋላ ተጥሏል፤ ፊቷ አልተሸፈነም።

«ተዉት፤ ገመዱን ማንም አልበላውም» አለች። «ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ስለካ ተሳሳትኩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቄው ደብቄያችኋለሁ።»

አንበሳ ዓይኑን አጠበበ። «ለመሆኑ ጅቡ ምን ቢሰጥሽ ነው?»

«ምን ኖሮት ይሰጣታል? አስፈራርቷት እንጂ!» አለ ቀበሮ።

ጉሬዛ አልተከራከረችም። ከደረቀው ገመድ አንድ ጠፍር ፈታች፤ እኩል ለሁለት ቆርጣ ጎን ለጎን አሳየቻቸው። አንዱን ከአንበሳ መዳፍ ሥር አኖረች። ሌላውን አህያ ፊት ባለው የውሃ ገንዳ ውስጥ ነከረች።

«ለምን ራስሽ አትይዥውም?» አለ አንበሳ።

«ስለምትጠረጥሩኝ ነዋ።»

«እርጥቡን እኔ ልጠብቀው» አለ ጅብ ከተጋደመበት።

«አፍህን ዝጋ!» አሉት ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ጥላ እስኪዞር ጠበቁ። አህያ ጉሬዛ የነከረችውን ጠፍር በጥርሱ አውጥቶ ከደረቁ ጎን ዘረጋው። እርጥቡ በልጦ ተገኘ።

«ጅቡ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲታማ እያየሽ ዝም አልሽ?» አለ አንበሳ።

«ዝም አልኩ፣ ጃንሆይ። ኀፍረቴ ከእሱ ጥርስ በለጠብኝ። የአያ አህያም ጉልበት የደማው በእኔ ነው።» ወደ አህያ ዞራ ጎንበስ አለች። «አዲስ ገመድ ከቃጫ እገምዳለሁ። ደረቁንም እርጥቡንም እለካዋለሁ። ከሙሉ ስልቻ የከበደ ድንጋይ አንጠልጥዬ ሳልፈትነው አያ አህያ አይነካውም።»

«ከእንግዲህ ልክ ነው ብትዪ ማን ያምንሻል?»

«አትመኑኝ። ስለካ ቆማችሁ እዩ። ከኔ በኋላ ደግሞ ቀበሮ ይለካው፤ ከሁላችን ይበልጥ የሚጠረጥር እሱ ነው።»

ቀበሮ ተመሰገነ ወይስ ተሰደበ፣ አላወቀም።

ጅብን ለቀቁት። ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና «እኔስ ካሳ የለኝም?» አለ። «በጋውን ሙሉ ይህን ገመድ በላ ስትሉኝ ከረማችሁ። እንግዲያው አሮጌው ይሰጠኝና በሐሜት የበላሁትን በጥርሴ ልብላው።»

አንበሳ ሳቁ አመለጠው፤ ፈቀደለትም። ጅብ ገመዱን ከነቋጠሮው ሲውጥ፣ ቀበሮ አህያን በክርኑ ጎሸም አድርጎ «ይኸው! ገመድ ይበላል ብዬ አልነበር?» አለው።

ከዚህ የምንማረው፣ ባለሙያ የሠራው ነገር ሲጎድል ከማንም በፊት የራሱን ሥራ ዳግመኛ እንዲለካ፣ ስሕተቱ የራሱ ሆኖ ካገኘውም ሌላው ሳይቀጣበት አፍ አውጥቶ እንዲናገር ነው።