መልቀቅ የፈራው ዘበኛ

አንድ ነጭ የደም ሕዋስ ነበር። ሥራው ዘበኝነት ነው፤ የሚጠብቀውም ይርዳው የሚባል የአንድ አናጢ ገላ ነው። እንደ ጓደኞቹ ሁሉ የሚጣበቁ ብዙ መዳፎች ነበሩት። የዘበኞቹ ሕግ ግን ጥብቅ ነው፤ በደም ወንዝ ውስጥ ሲሄዱ መዳፍ ይጨበጣል፣ የሚዘረጋው ጥሪ ሲመጣ ብቻ ነው። ያለ ጥሪ የዘረጋ ዘበኛ ጤነኛ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መንገድ ይዘጋል፤ ጭራሽ መዘርጋት ያቃተውን ደግሞ ጎርፉ ይዞት ያልፋል።

አንድ ቀን ይርዳው በር ሲልግ ስንጥር አውራ ጣቱ ውስጥ ገባ። ሚስቱ ጥሩዬ ስንጥሩን በመርፌ አወጣችለት፤ አብረውት የገቡት ጀርሞች ግን ውስጥ ቀሩ። በማግስቱ ጣቱ አብጦ መላጊያ መያዝ አቃተው።

"አንተ ሰውዬ፣ ያለ አውራ ጣት ምን ልትሠራ ነው?" አለችው።

"እሱን አታስታውሺኝ" አላት። ፈርቶ ነበር።

ይሄኔ ለዘበኛው ከቁስሉ ጥሪ ደረሰው። መዳፎቹን ዘረጋ፤ የደም ሥሩን ግድግዳ ያዝ ለቀቅ እያደረገ ተንከባለለ፤ በመጨረሻም ቁስሉ አጠገብ ጥብቅ አድርጎ ያዘና ቆመ። በጣም ደስ አለው። ከዚያ በኋላ ግን ንቅንቅ አልልም አለ።

ከኋላው አንድ አንጋፋ ዘበኛ ደረሰ።

"ምን ትጠብቃለህ ልጄ? ጀርሞቹ ያሉት እኮ ከግድግዳው ማዶ ነው።"

"ከለቀቅኩ ጎርፉ ይወስደኛል ጋሼ! በስንት መከራ የያዝኩትን!"

"ሁሉንም ልቀቅ ማን አለህ? ከፊት ያዝ፣ ከኋላ ልቀቅ። እንደገና ከፊት ያዝ፣ ከኋላ ልቀቅ።"

"እስካሁን ያቆመኝ እኮ የኋላው ነው።"

"እውነትህን ነው፣ ባለውለታህ ነው። አሁን ግን ሥራውን ጨርሷል።"

ዘበኛው አንዱን የኋላ መዳፍ አላቀቀ። አልወደቀም። ሌላውንም አላቀቀ። በግድግዳው ስንጥቅ ሾልኮ ገባና ከጓደኞቹ ጋር ጀርሞቹን ተናነቀ።

በአራተኛው ቀን ይርዳው በሩን ልጎ ጨረሰ። "እንዲሁ በራሱ ዳነልኝ" እያለ ለጎረቤቱ ያወራል። ዘበኞቹም ምስጋና አልጠበቁም።

ወዳጆቼ፣ መያዝ ትልቅ ነገር ነው፤ ሳይዝ የደረሰ የለም። ነገር ግን ብዙዎቻችን ከደረስንበት ቦታ ጋር ተጣብቀን፣ ጥቂት እርምጃ ቀርቶን ቆመናል። በዚህ መካከል የሚጎዳው ማዶ ሆኖ እኛን የሚጠብቀው ሰው ነው። እርስዎስ፣ እስከዚህ ስላደረሰዎት ብቻ እስካሁን ያልለቀቁት ነገር ምንድን ነው? ማዶስ ማን እየጠበቀዎት ነው?